መክሊቱ የማን ነው?



ልጆቻችን ከሚማሩአቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ታለንት» ነው። በዜማ፣ በሥዕል ወይም በእግር ኳስ የላቀውን ሰው «ታለንት አለው» ይሉታል፤ የተፈጥሮ ስጦታ አለው ማለታቸው ነው። የቃሉ ጥንተ ፍች ግን ሌላ ነበር። በግሪክ ቋንቋ «ታላንቶን» ማለት ሚዛን፣ ኋላም በሚዛን የተለካ ብር ወይም ወርቅ ማለት ነው። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ገባ። አንድ የብር ታላንቶን 6,000 ዲናር ያህል ያወጣ ነበር፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ስለ ነበር፣ ይህ የ20 ዓመት ገደማ የድካም ዋጋ ነው።

ታዲያ የገንዘብ ስም እንዴት የችሎታ ስም ሆነ? ምክንያቱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከቁጥር 14 እስከ 30 የሚገኘው የጌታችን ምሳሌ ነው። መክሊቱ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ጸጋ እንደ ሆነ ሲተረጎም ስለ ኖረ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛውያን ቃሉን በዚሁ ፍች ይጠቀሙበት ጀመር። የእኛም «መክሊት» እንዲሁ ሆኖአል፤ ዛሬ «መክሊቱን አገኘ» ስንል ገንዘብ ማለታችን አይደለም።

ነገር ግን ቃሉ በጉዞው አንድ ነገር ጥሎአል፤ ባለቤቱን። «ታለንት አለኝ» የሚል ሰው የራሱን ሀብት እንደሚቆጥር ሆኖ ይናገራል። በወንጌሉ ግን ገንዘቡ የጌታው ነው፤ አገልጋዩ ባለ አደራ ብቻ ነው። ደግሞም በቁጥር 15 መሠረት መክሊቱ የተሰጠው ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ነው፤ እንግዲህ ዓቅምና መክሊት ሁለት ናቸው። የተቀበልነው እምነት፣ የሰማነው ወንጌል፣ እንድናስተምራቸው የተሰጡን ሕፃናት ሁሉ መክሊቶቻችን ናቸው።

በየቁምስናው «እኔ ምን ችሎታ አለኝ?» ብለው ወደ ኋላ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ትሕትና ይመስላል። ያ አገልጋይም መክሊቱን አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ ፈርቶ ቀበረው እንጂ። ስለዚህም ተወቀሰ። ጥቂት የመሰለችው አንዲቱ መክሊት የ20 ዓመት ዋጋ ነበረች።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ልጅዋን ማማተብ የምታስተምር እናት አደራዋን እየሠራችበት ነው። ጌታ ሲመለስ የሚጠይቀን «ስንት ነበረህ?» ብሎ ሳይሆን «በሰጠሁህ ምን ሠራህበት?» ብሎ ነው። ለዚያች ሰዓት ያዘጋጀን ዘንድ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።