ዘር መከልከልና ቺፕ መከልከል፦ ኢህቲካር የቱ ነው?

ለመሆኑ አንድ ሰው በእጁ ያለውን ነገር «አልሸጥም፤ አልሰጥም» ቢል በደል ፈጸመ ይባላልን? ንብረቱ የራሱ ነው፤ ለወደደው ይሸጣል፣ ያልወደደውን ይከለክላል የሚሉ አሉ። ሰው ሁሉ የሚቸገርበትን ነገር ቆልፎ መቀመጥ ግፍ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ጥንት ስለ እህልና ስለ ጨው ነበር። ዛሬ ኃያላን መንግሥታት የሚሟገቱት ግን የጣት ጥፍር ስለምታክል፣ ቺፕ ስለምትባል ነገር ነው። እኔ ጥያቄውን ከዋሽንግተን ወይም ከቤጂንግ ሳይሆን ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት አንጻር ላነሳው እወዳለሁ። ምክንያቱም እኛ የቡና አገር ሰዎች በዚህ ሙግት ውስጥ ከሳሽም ተከሳሽም መሆን የምንችል ነን።

«ቺፕ ከቡና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት ማሳ ያልተለቀመ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ተለክቶ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ የዝግጅቱ ጣጣ ግን አልቀረም። ልኬቱ የሚወሰደው በሞባይል ስልክ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያ ነው፤ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት የሚያነብለትም ቺፕ ነው። ትናንት በጎማና በማና ቡና ለመሸጥ ጆንያና ሚዛን ይበቃ ነበር። ነገ ለአውሮፓ ገበያ ቺፕ የሌለው ሰው ማሳው የት እንዳለ እንኳ ማስረዳት አይችልም። እንግዲህ ነገሩ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የመተዳደሪያ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ዕቃ ከየት መጣ? የቺፕ አባት ትራንዚስተር ነው፤ አባቶቻችን በራዲዮናቸው ስም ያወቁት። የመጀመሪያው ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ ተሠራ። በ1959 በዚያው ቤተ ሙከራ በፖርት ሰዒድ የተወለደው ግብጻዊው መሐመድ አታላና ኮሪያዊው ዳዎን ካህንግ ሞስፌት የተባለውን የትራንዚስተር ዓይነት ሠሩ። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩት ትራንዚስተሮች የዚያ ዘሮች ናቸው። በ1958 እና በ1959 ጃክ ኪልቢና ሮበርት ኖይስ በየፊናቸው ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ቁራጭ ላይ የማዋሐድን ዘዴ አገኙ። ከመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ገዢዎች መካከል የአሜሪካ የሚሳይልና የጠፈር ፕሮግራሞች ነበሩ። ስለዚህ ቺፕ ገና ከልጅነቱ ከጦር መሣሪያ ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በዓለም ተበተነ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1972 በማሌዥያ ፔናንግ ፋብሪካ ከፈተ፤ በርካታ የማሌይ ወጣት ሴቶች በማጉያ መነጽር እያዩ ቺፕ በመገጣጠም እንጀራቸውን በሉ። በ1984 በሆላንድ ኤኤስኤምኤል፣ በ1987 ደግሞ በታይዋን ቲኤስኤምሲ ተቋቋሙ። ቲኤስኤምሲ ሲመሠረት የታይዋን መንግሥትና የሆላንዱ ፊሊፕስ ዋነኞቹ ባለ ድርሻዎች ነበሩ። ዛሬ በዓለም እጅግ ከረቀቁት ቺፖች ከአሥሩ ዘጠኙን ገደማ ይህ ኩባንያ እንደሚሠራ ይገመታል። እነዚያን ረቂቅ ቺፖች በብርሃን የሚቀርጸውን፣ አንዱ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣውን ማሽን የሚሠራው ደግሞ በዓለም አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ እሱም ኤኤስኤምኤል። መስታወቱ ከጀርመን ይመጣል፣ የብርሃን ምንጩ ከአሜሪካ። አንድም አገር ብቻውን ሊሠራው አልቻለም፤ አንዳንዱ ግን ብቻውን ሊያግደው ይችላል።

እገዳውም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሆላንድ መንግሥት በአሜሪካ ጉትጎታ ይህ ማሽን ለቻይና እንዲላክ የሚያስችለውን ፈቃድ ሳያድስ ቀረ። በጥቅምት 2022 አሜሪካ የረቀቁ ቺፖችና መሥሪያዎቻቸው ለቻይና እንዳይሸጡ ሰፊ ክልከላ አወጣች፤ በ2023 ሆላንድ ሌሎች ማሽኖችንም በፈቃድ ብቻ የሚላኩ አደረገች። ቻይናም ዝም አላለችም፤ በዚያው ዓመት ጋሊየምና ጀርማኒየም የተባሉትን ማዕድናት ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አገደች። የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሠራው ከጀርማኒየም እንደነበር ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለቡና ሰዎች ትኩረት የሚስብ ታሪክ አለ። የዛሬይቱ የማሽን ከልካይ ሆላንድ በአንድ ወቅት የተከለከለ ዘር አውጪ ነበረች። ቡና ከእኛ ደን ተነስቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፤ የየመን ሱፊዮች ሌሊቱን ነቅተው ለማደር ጠጡት፤ የሞካ ወደብም በቡና ንግድ ከበረ። የመኖች የሚበቅል ዘር ከአገራቸው እንዳይወጣ ይጠብቁ ነበር ተብሎ ይተረካል። ባባ ቡዳን የተባሉ ሕንዳዊ ሱፊ ሰባት ፍሬ ይዘው ወጥተው በሕንድ ተከሉ የሚለውም ተረክ ከዚሁ የመጣ ነው። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1616 የቡና ችግኝ ከሞካ ወሰዱ፤ በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ በጃቫ አለሙት። በ1706 ከጃቫ አንድ ዛፍ ወደ አምስተርዳም መጣ፤ በ1714 የዚያ ዘር ለፈረንሳይ ንጉሥ ተበረከተ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ አህጉር ተዛመተ። የየመን የብቻ ገበያ በዚህ አበቃ። የመን ያጣችውን ሌላው የሰው ልጅ አገኘው ማለት ይቻላል። ይሁንና በጃቫ ቡናውን የተከለው ገበሬ ተገድዶ ነበር የሚያለማው።

እኛስ? ከአጋሮ ብዙም የማትርቀው ጮጬ፣ የአካባቢው ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘባት ናት የሚሏት ቀበሌ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች በቁም ዛፍነት የሚጠበቁባት ናት። የቡና ዘር እንደ ጤፍ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለብዙ ዓመት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ባንኩ ማሳ ነው። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የመልኮ የምርምር ማዕከልም የራሱን ስብስብ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የተባለው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታይቶ ማሳዎችን ሲያጠፋ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከዚሁ ደን ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከደን ቡና መካከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተመርጠው ለገበሬው ተሰራጩ።

ታዲያ ይህን ሀብት አገራችን ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። ምክንያትም አላት። እ.ኤ.አ. በ1964 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የላከው ቡድን ከአገራችን ዘር ሰብስቦ በልዩ ልዩ አገሮች እንዲተከል አድርጎ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያ ስብስብ ከወረዱ ዛፎች መካከል ካፌይን የሌላቸውን ማግኘታቸውን አስታወቁ። «የማን ንብረት ነው?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ከአዲስ አበባ ተነሳ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረመል ሀብታችን ያለ ፈቃድና ያለ ስምምነት እንዳይወጣ የደነገገው እንዲህ ባለ ዘመን ነው።

በአጋሮ አንድ ሸምገል ያሉ የቡና ነጋዴ ስለዚህ ስናወጋ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ እነሱ ማሽናቸውን ሲከለክሉ ግፈኞች፣ እኛ ዘራችንን ስንከለክል ጠንቃቆች የምንባለው በየትኛው ሚዛን ነው?» ጥያቄያቸው በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። መልስ ያስፈልገዋል።

የፊቅህ ሊቃውንት ኢህቲካር ብለው የሚጠሩት ጥፋት አለ፤ ሕዝብ የሚቸገርበትን ዕቃ ከገበያ ሰብስቦ ዋጋው እስኪንር ቆልፎ መያዝ ነው። ነገሩ የተወገዘ መሆኑ አያከራክርም፤ የተከራከሩት በስፋቱ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ በምግብ ነገር ሲወስኑት፣ ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን መያዙ ሕዝብን የሚጎዳ ማናቸውም ነገር በዚህ ይካተታል አሉ። የሐነፊ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ ልዩነት አስቀመጡ፦ ከገበያ ገዝቶ ያከማቸና ከገዛ መሬቱ ያመረተውን በጎተራው ያኖረ እኩል አይደሉም፤ የኋለኛው ሙህተኪር አይባልም። በፊትና ጊዜም የጦር መሣሪያ ለተፋላሚ መሸጥ የተነቀፈ ነው። ከእነዚህ ሦስት ነጥቦች የሽማግሌውን ጥያቄ የምንመዝንበት ሚዛን ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ከልካዮቹን በፍትሕ እንመልከታቸው። ቺፕ ሚሳይል ይመራል፤ ለምንፈራው ሰው መሣሪያ አንሸጥም ማለታቸው በራሱ ግፍ ሊባል አይችልም። የሠሩት ሰዎች ልፋትም የራሳቸው ነው። ነገር ግን የቺፕ ጥበብ እንደ አንድ ሰው ማሳ ምርት ሊታይ አይችልም። ግብጻዊው አስቦበታል፣ ኮሪያዊው ደክሞበታል፣ የፔናንጓ ልጅ ዓይኗን ሰጥታበታለች። ከሰው ልጅ የጋራ ገበያ የተሰበሰበ ነው። ሚሳይልን የከለከለው መረብ የሆስፒታል መሣሪያንና የትምህርት ቤት ኮምፒዩተርን አብሮ ሲይዝ፣ ወይም ዓላማው ሌላው እንዳይደርስብኝ የሚል ብቻ ሲሆን፣ አቡ ዩሱፍ ካሰመሩት መስመር ውስጥ ገብቷል። ዓለም ከ2020 እስከ 2022 በገጠማት የቺፕ እጥረት የመኪና ፋብሪካዎች እንኳ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን አይተናል። ያኔ እጥረቱን ያመጣው በአብዛኛው የወረርሽኙ ዘመን ቀውስ ነበር፤ ሆን ተብሎ ቢመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ራሳችን እንዙር። የጮጬ ዛፎች የገዛ መሬታችን ፍሬ ናቸው፤ አያቶቻችን በጥላ ዛፍ ሥር ጠብቀው ያቆዩአቸው እንጂ ከማንም ገበያ የሰበሰብናቸው አይደሉም። ቡና የሚጠጣውም ሆነ የሚተክለው ዓለም ከእኛ የወጣውን ዘር አስቀድሞ ይዟል። ስለዚህ መጠበቃችን ኢህቲካር አይደለም፤ አማናን መጠበቅ ነው። ነገር ግን ይህ ፍርድ ለዘላለም አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ1869 በሴሎን የታየው የቡና ቅጠል ዋግ የዚያችን ደሴት ቡና አጥፍቷል፤ በ2012 የመካከለኛው አሜሪካ ገበሬዎችን ደቁሷል። ነገ ከዚህ የባሰ ቢመጣና መከላከያው በጮጬ ማሳ ብቻ ቢገኝ፣ የሆንዱራስ ድኃ ገበሬ ማሳው እያለቀ እኛ ቆልፈን ብንቀመጥ፣ ዛሬ በሌላው ላይ ያሰማነው ክስ በእኛው ላይ ይዞራል። ከዚህም የሚከፋ አለ። ዘሩን ለውጭ ሰው ከልክለን ደኑን ለመጥረቢያ ከፈቀድን፣ ጠባቂዎች ነን ማለታችን ሐሰት ነው። አማና የተባለው ነገር በእጃችን ጠፍቶ ሳለ ባለ አደራ ነን ልንል አንችልም።

ከመክፈትና ከመቆለፍ በቀር ሌላ መንገድ የለምን? አለ፤ ራሳችንም ሄደንበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ገጠመች፤ በ2007 በስምምነት አበቃ። አገራችን በስሞቹ ባለቤትነቷን አስከበረች፤ ለሚጠቀሙባቸው ኩባንያዎች ግን ፈቃዱን ያለ ክፍያ ሰጠች። ባለቤትነትን ሳይለቁ በሩን በውል መክፈት ይቻላል ማለት ነው። ለዘሩም እንዲሁ ይሁን፤ በሽታን ለመከላከል የሚፈልግ በውል ይውሰድ፣ ያተረፈ ለጎማና ለጌራ ገበሬ ያካፍል፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የመልኮ ተመራማሪ ከጥናቱ ጠረጴዛ አይራቅ። አዋጁም ቢሆን በስምምነት መስጠትን አልከለከለም።

ይህን ካደረግን ዓለምን በሙሉ አፍ መጠየቅ እንችላለን። «ማሳችንን በመሣሪያችሁ ለኩ ብላችሁናል፤ እንግዲያው መሣሪያው በእጃችን የሚገባበትንና ልጆቻችን አሠራሩን የሚማሩበትን መንገድ በውል ክፈቱልን» ማለት ይገባናል። በአጋሮ ለጠየቁኝ አባት የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ ሚዛኑ ለሁለታችንም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ግን በጮጬ ማሳና በቀሪው ደናችን ላይ ራሳችን እንመዘንበት።

ወላሁ አዕለም።