ሱስን የሚያክም ሰው ማፍራት የማን ግዴታ ነው?



እዚህ ሰቆጣ ቁርኣን ካስቀራኋቸው ልጆች አንዱ አድጎ የአረቄ ሱሰኛ ሆነ። እናቱ እያለቀሱ፣ «ኡስታዝ፣ ልጅዎ ነው፤ ይምከሩልኝ» ብለው አመጡት። ኸምር ሐራም መሆኑን አስታወስኩት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠብታ እንዳይቀምስም አዘዝኩት። ልጁ ቃሌን ጠበቀ። በሁለተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሌሊቱን ተንፈራግጦ ራሱን ሳተ። ሐኪም ቤት ደርሶ በአላህ ፈቃድ ተረፈ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊታወክ፣ ሊሞትም እንደሚችል፣ የሚያቆመውም በሐኪም ክትትልና በመድኃኒት መሆን እንዳለበት ያን ጊዜ ተነገረኝ።

ያዘዝኩት ነገር ሐቅ ነበር፤ ዕውቀቴ ግን ጎደሎ ነበር። ልጁ ቢሞት ኖሮ ተጠያቂው ማን ነው? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አይለቀኝም።

ብዙዎቻችን ሱሰኛ ወንጀለኛ ነው ወይስ በሽተኛ እያልን እንከራከራለን። ወንጀል መሥራቱ በሽታውን አያስቀርም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ የተቀጣ ሰው ነበር። አንዱ ሲረግመው ሰምተው ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። «በገዛ እጁ ላመጣው ለምን እንደክማለን?» የሚሉም አሉ። በእኛ በዋግ አገር ገደል ለገባ ሰው መጀመሪያ የሚወረወርለት ገመድ ነው፤ ወቀሳው ከወጣ በኋላ ይደርሳል።

ገመዱን የሚይዘው ማን ነው? ዑለሞች ፈርድ ኪፋያ የሚሉት ግዴታ አለ። እንደ ጀናዛ ሶላት፣ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃል። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናን ከዚህ ቆጥረዋል፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲጎርፍ ብዙ ከተሞች ያለ ሙስሊም ሐኪም መቅረታቸውንም ወቅሰዋል።

ይህን ሸክም ግን አንድ መድረሳ ወይም አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። ሰው አሠልጥኖ በየወረዳው መመደብ የመንግሥት ሥራ ነው። ሊሆን እንደሚችልም አይተናል። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ የአሥረኛ ክፍል ትምህርት የጨረሱ ሴቶች፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማርተዋል። በ2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱ በከተማችን ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። በ2005 ዓ.ም የወጣው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ሕክምናው አዲስ አበባ ካለው አማኑኤል ሆስፒታል አልፎ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅዶ ነበር። ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲቀር ግን አንድም የሚንቀጠቀጥ እጅ አይዝም።

እንግዲህ መንግሥትን የሠለጠነ ሰው እንጠይቀው። እኛም የድርሻችንን እንወጣ፤ ሱሰኛ ልጃችንን ከጎረቤት አንደብቀው፤ ከልጆቻችንም የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ልማር ያለውን «የዕብድ ሐኪም ልትሆን ነው?» ብለን አናሳፍረው። እሱ ከሁላችንም ላይ ግዴታ ሊያወርድ የተነሣ ነው።

ወላሁ አዕለም።