«ውሸታሞች ነበርን»፦ ንባቡና አንድምታው

«ውሸታሞች ነበርን» ይላል ርእሱ። ሎክሃርት በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ሎክሃርት የብዕር ስሟ ነው፤ እውነተኛ ስሟ ኤሚሊ ጄንኪንስ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በማሳቹሴትስ ጠረፍ፣ ማርታስ ቪንያርድ አጠገብ ባለች ቢችዉድ በተባለች የፈጠራ ደሴት ነው። የደሴቲቱ ጌቶች ሲንክሌሮች ናቸው። ገና መጽሐፉ ሲከፈት ካርታና የዘር ሐረግ አለ፤ ዘልሎ የሚያልፍ አንባቢ ኋላ እየተመለሰ መፈለጉ አይቀርም።

ውሸታሞች ማን ማን ናቸው ቢሉ፣ አራት ልጆች ናቸው፦ ተራኪዋ ኬደንስ፣ የአክስቶቿ ልጆች ጆኒና ሚረን፣ አራተኛው ጋት። ጋት በሥጋ አይዛመዳቸውም። የአንደኛዋ አክስት ወዳጅ ይዞት የመጣ የወንድሙ ልጅ ነው፤ ዘሩም ከህንድ ነው። አራቱ የበጋ ዕረፍታቸውን በደሴቲቱ አብረው ያሳልፋሉ። አንድም፣ ውሸታሞች ያለች እናቶቹን ነው። ምነው ቢሉ፣ ሦስቱ እኅትማማች በሰው ፊት አይጣሉም፣ አያለቅሱም፣ ችግር አለብን አይሉም፤ የሚኖሩት ግን በአባታቸው ገንዘብ ነው። አንድም ራሷን ተራኪዋን ነው። አውቃ አትዋሽም፤ በ15 ዓመቷ በጋ አደጋ ደርሶባት ባሕር ዳር ብቻዋን ተገኘች፣ የሆነውንም ረሳችው። በ17 ዓመቷ ተመልሳ የጎደለውን ስትለቅም ነው ታሪኩ የሚሄደው።

መጀመሪያ ላይ አባቷ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ጥይት እንደ ተኮሰባት፣ ደሟም ሣሩን እንዳራሰው አድርጋ ትናገራለች። ያልለመደ አንባቢ ልጅቱ ሞተች ብሎ ይደነግጣል። ጥይት ያለችው ኀዘኑን ነው። አንድም ስለ እናቷ የተጻፈ ነው፤ እናቷ ያን ጊዜ ቀጥ በይ፣ እንደ ጤነኛ ሁኚ ትላታለችና። ማልቀስ በተከለከለበት ቤት ያደገች ልጅ በእንባዋ ፈንታ ደሟን ታወራለች። አንድም ለአንባቢው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ይህች ልጅ ስትናገር የቱ ነገር ደርሷል፣ የቱ ምሳሌ ነው ብለህ ጠይቅ ሲል ነው። ይህን ሦስተኛውን የያዘ ሰው መጽሐፉን ይዟል።

አሁን ወደምወደው ልግባ። ኬደንስ በየመካከሉ ተረት ትጽፋለች። አንድ ንጉሥ ነበር፣ ሦስት ቆንጆ ሴቶች ልጆች ነበሩት ብላ ትጀምራለች፤ ጥቂት ገጽ አልፎ ያንኑ ንጉሥ እንደገና አንሥታ ሌላ ፍጻሜ ትሰጠዋለች፤ ደግሞ ሌላ። ንጉሡ ማነው ቢሉ አያቷ ሃሪስ፣ ሦስቱ ልዕልቶች እናቷ ፔኒ፣ አክስቶቿ ኬሪና ቤስ። እናታቸው ቲፐር ከሞተች ወዲህ ስለ ቤቶቹ፣ ስለ ዕንቁዋ፣ ስለ ገበታ ልብሷ ሳይቀር ይናከሳሉ፤ ልጆቻቸውንም አያትህን እንዲህ በለው፣ ይህን ቤት እወደዋለሁ በይው እያሉ ይልካሉ። ሽማግሌው ይህን እያየ ዝም ይላል፤ ደስም ሳይለው አይቀርም። የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር ያነበበ ሰው ከወዴት እንደ መጣ ያውቀዋል።

በአንዱ ተረት ታላቂቱ ልዕልት አይጥ ትወልዳለች። አይጧ ኬደንስ ናት፤ ታማሚ፣ ራሷን የሚፈልጣት፣ ለቤቱ ክብር የማትመች። አንድም አይጡ ጋት ነው፤ ያ ቤት ሲያበላው የኖረ፣ ነገር ግን አያትዮው አንድ ቀን እንኳ በስሙ ያልጠራው፣ ወጣቱ ብቻ እያለ የሚያልፈው። ሁለቱም ልክ ነው። ልጅቱ ያየችውን በቀጥታ መናገር ስላልቻለች ባንድ ተረት ላይ አንድም፣ አንድም እያለች ትቆያለች፤ እያንዳንዱ ተረት ከፊተኛው ጥቂት የበለጠ ያወጣል። ደራሲዋ የትርጓሜ ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ የመጽሐፉ አካሄድ ግን ይኸው ነው።

ሐተታ፦ ዘመዶቿ ሁሉ የሆነውን እያወቁ ስለምን አይነግሯትም? ሐኪሞች ራሷ ብታስታውሰው ይሻላል ስላሉ ነው። አንድም እናቷ ነግራት ነበር፤ ልጅቱ ሰምታ አልቅሳ መልሳ ትረሳዋለች፣ እናትም ያንኑ መርዶ ደጋግሞ መንገር ሰለቻት። ሦስተኛ አንድም አለው፤ እዚህ አይጻፍም። እርሱን የሚያውቅ ወዳጅ ቢኖርዎ አፉን ይያዝ።

ነቀፌታ የለበትም አልልም። ደራሲዋ ዐረፍተ ነገሩን ከመካከል እየሰበረች እንደ ግጥም ወደ ታች ታወርደዋለች፤ አንዳንዱ ስፍራ ያምራል፣ አንዳንዱ ስፍራ ያታክታል። ጋትም አሳቡ ሰፊ ሆኖ ሳለ ራሱ በቂ ስፍራ አላገኘም፤ በኬደንስ ዓይን ብቻ ስለምናየው ይሆናል። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ኀዘን ምኔ ነው የሚል አንባቢም አለ፤ እስከ መጨረሻው ቢታገሥ መጽሐፉ ራሱ ይህን ጥያቄ እንደሚጠይቅ ያያል፣ መልሱም ለሲንክሌሮች አይራራም።

ከ14 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይሆናል፤ ሞት፣ የቤተሰብ ጥል፣ ከልክ ያለፈ የሕመም ማስታገሻ አለበትና ወላጅ አስቀድሞ ቢያነበው መልካም ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ወዲያው ያልቃል። ተከታታይ ፊልሙ በ2025 በፕራይም ቪዲዮ ወጥቷል፤ ከመጽሐፉ በኋላ ይታይ። ደራሲዋ በ2022 ያወጣችው «የውሸታሞች ቤተሰብ» ደግሞ የእናቶቹን የወጣትነት ዘመን ስለሚተርክ፣ በዘመን ይቀድማልና ከዚያ ልጀምር የሚል አይጠፋም። አይጀምር፤ ገና ከመግቢያው የፊተኛውን ምሥጢር ያወጣዋል።