ከሰዓት በኋላ የት ይዋል?

የታሰረው በሁለት በግ ነው። በጎቹ የጎረቤቱ ነበሩ፤ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች የአንዲት ባልቴት። አንደኛዋን በአንድ የገበያ ቀን፣ ሌላዋን ከሁለት ሳምንት በኋላ ወስዶ ሸጠ፤ ገንዘቡም በጫትና በአረቄ አለቀ። እዚህ ወረኢሉም ሆነ በመካነ ሰላም በኩል ላደገ ወጣት ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀን በርጫ ነው፤ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ። ብዙ ጊዜ ኪስ የሚያራቁተው ከቅጠሉ ይልቅ ይህ የማታው ነው።

ልጁን የተዋወቅነው የወጣቶች ኅብረታችን ሳሙናና ዳቦ ይዞ እስረኞችን ሊጠይቅ ሲሄድ ነው። እዚያው ማረሚያ ቤት ሳለ ጌታን ተቀበለ። ጠባዩ ተመስክሮለት የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ እንደ ጨረሰ በአመክሮ ተፈታ። በወጣ በመጀመሪያው እሁድ መድረክ ላይ አወጣነው፤ ማይክሮፎኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጌታ ከሱስ ነጻ እንዳወጣው መሰከረ። ጉባኤው እልል አለ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላው ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሲቅም ተገኘ። ወሬው ሲደርሰኝ «ድሮም ልቡ አልተለወጠም» ያልሁትም እኔው ነኝ።

ይህን ንግግሬን ያሳፈረኝ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ናቸው። (ወሎ ላላደጋችሁ፦ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል።) ሙስሊም አባት ናቸው። መንገድ ላይ አገኙኝና ስለ ልጁ ጠየቁኝ፤ እኔም ያንኑ ደገምሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ የት ይዋል ብላችሁ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሁድ ጠዋት ከእኛ ጋር ነበር፤ ረቡዕ ማታ ለጸሎት ይመጣ ነበር። በቀሩት ቀናት ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጫት በሚቃምበት በዚያው ሰዓት፣ የት እንደሚውል ከእኛ መካከል ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። በሱስ ተይዞ ያጠፋ ሰው፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዳግመኛ ሲወድቅስ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የቆየ መልስ አለ። ጥንት የግሪክ ከተማ በነበረችው በሚቲሊኒ ፒታከስ የተባለ ገዢ ሰክሮ ያጠፋ ሰው ካልሰከረው ይልቅ እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። አርስቶትልም ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በዚህ መንገድ ይከራከራል፤ ድንጋይ የወረወረ ሰው ከእጁ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው አይችልም፣ መወርወር አለመወርወሩ ግን በእጁ ነበር ይላል። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 50 ወንጀል ለማድረግ ብሎ ራሱን በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ያሳተ ሰው አእምሮዬን ስቼ ነበር በማለት ከኃላፊነት እንዳያመልጥ ይከለክላል። ሁሉም ዓይናቸውን የሚጥሉት ከጥፋቱ በፊት በነበረችው ሰዓት ላይ ነው፤ ሰውየው ገና መምረጥ በሚችልባት ሰዓት ላይ።

እኔም በዚህ እስማማለሁ። «የሰረቀው ሱሱ ነው» የሚል አባባል አሁን አሁን በወጣቶች ዘንድ ይሰማል፤ ርኅራኄ ይመስላል፣ ነገር ግን ሰውየውን ከሰውነት ተራ ያወጣዋል። ንስሐ የሚጀምረው «እኔ ነኝ» ከሚል ቃል ነው። ሱሱ ከሰረቀ ማን ንስሐ ይግባ?

ይህ መልስ ግን የሚበቃው ለመጀመሪያው ድንጋይ ነው። ልጃችን ድንጋዩን ጥሎ ነበር የወጣው። ከማረሚያ ቤት ሲወጣ የተቀበለው መንገድ ግን ከግራም ከቀኝም ድንጋይ የተከመረበት ነበር።

በቬትናም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች ብዙዎቹ ሄሮይን ይወስዱ ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው የተመለሱትን ተከታትላ ጠየቀች። ከ100 ወታደሮች 20 ያህሉ እዚያ ሳሉ በሱሱ ተይዘው እንደነበር ተናገሩ። በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ግን ከእነዚህ ከተያዙት ውስጥ ዳግመኛ በሱሱ የተያዙት ከ100 አምስት ገደማ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ የሚጠበቀው ጎርፍ ነበርና። ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው ቀላል ነው፦ ዕፁም፣ አብሮ የሚወስደው ጓደኛም፣ ፍርሃቱና መሰላቸቱም እዚያው ቀሩ። ሰውየው ወደ ሚስቱ፣ ወደ እናቱ፣ ወደ ሥራው መጣ።

የእስረኛው ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ወታደሩ ሱሱን ከያዘበት ቦታ ወጣ፤ የእኛ ሰው ሱሱ ወደ ያዘው ቦታ ይመለሳል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ ከ30,000 የሚበልጡ ሰዎች ታሪክ ተመርምሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ በ12.7 እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የገደላቸውም ከመጠን ያለፈ ዕፅ ነው። ጫት እንደ ሄሮይን በአንድ ቀን አይገድልም። ቢሆንም ቁጥሩ አንድ ነገር ያሳያል፤ ለሱሰኛ እስረኛ አደገኛው ስፍራ የማረሚያ ቤቱ ግቢ ሳይሆን በሩ ነው። እኛ ደግሞ በዚያ በር ላይ እልል ብለን ወደየቤታችን ሄድን።

ሐራራ የሚባለውን ነገር የቀመሰ ያውቀዋል። ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ በሰዓት ይመጣል፣ በቦታ ይመጣል። ምሳ ሲበላ፣ ጓደኛ ሲያፏጭለት፣ በኮባ የተጠቀለለ እስር ሲያይ ይነሣል። በማረሚያ ቤት ዓመት ሙሉ ያልተሰማው ሰው የጫት ተራውን ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ይሰማዋል። (ጫት በወሎ ከዱአም ከጨዋታም ጋር የኖረ ነው፤ ይህን የምጽፈው ጎረቤቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም።) ስለዚህ «ጸልይ፣ ጽና» ማለት እውነት ሆኖ ሳለ ጎዶሎ ነው። ጌታ በአንድ ቀን ከሱስ ያላቀቃቸውን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልክድም። ደግሞም ጌታ ብዙዎችን የሚያላቅቀው በብዙ ሰው እጅና በብዙ ከሰዓት በኋላ መሆኑን አይቻለሁ።

ይህን የተረዱ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጆርጅ ሀንት እና ናታን አዝሪን። ሥራቸውን በ1973 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ኢሊኖይ ግዛት፣ አና በምትባል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል፣ በመጠጥ ሱስ የተያዙ 16 ሰዎችን ስምንት ስምንት አድርገው ከፈሏቸው። ስምንቱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ ስምንት ግን ሥራ ተፈለገላቸው፤ ከሚስቶቻቸው ጋር ታረቁ፤ ቤተሰብ የሌለው እንደ ቤተሰብ የሚቀበለው ሰው ተፈለገለት። አንድ የድሮ መጠጥ ቤት ተለውጦ መጠጥ የማይገባበት የመጫወቻ ክበብ ሆነላቸው። ሐሳቡ ሰው የሚወደውን ነገር ሁሉ፣ ጨዋታውን፣ ወዳጁን፣ ክብሩን፣ ሳይጠጣ እንዲያገኘው፣ ሲጠጣ ደግሞ እንዲቀርበት ማድረግ ነበር። እነዚህ ስምንት ሰዎች ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ጠጡ፣ የበለጠ ሠሩ፣ የበለጠ በቤታቸው አደሩ። እኔ ከሁሉ የምወደው ያን መጠጥ ቤት ነው። አፍርሰው ሌላ አልሠሩም፤ ያንኑ ቤት ለወጡት።

ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። በአገራችን በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን 166 ሰዎች ይዞ የተደረገ ጥናት ነበር። ሕመሙ ሌላ ነው፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ወደ ሕሙማኑ ቤት እየሄዱ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፣ ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ እንዲጀምሩ ረዷቸው፣ የአካባቢውንም መሪዎች አነቃቁ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ከተረዱት ይልቅ እነዚህ በዕለት ኑሯቸው የተሻሉ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ይህ ሲሆን ጋኔን ነው ብላችሁ በጸሎት ክፍል እንዳታሳድሩት። እየጸለያችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይህን ሁሉ በኅብረታችን ሳስተምር አንዲት እህት እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኔ ተመርቄ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ሥራ የሚፈለግልኝ ብሰርቅ ነበር ማለት ነው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። እኔም ቶሎ አልመለስሁላትም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። በጠፋው ልጅ ታሪክ ውስጥ ያለው ታላቅ ወንድም ሁልጊዜ በስብከታችን ይወቀሳል፤ ቅሬታው ግን ከንቱ አልነበረም። አባትየውም ወጥቶ ለመነው እንጂ አልተቆጣውም። የእህታችን ጥያቄ የሚያሳየኝ ለወጣው እስረኛ ማሰባችን ጥፋት መሆኑን ሳይሆን ለእርሷም ከሰዓት በኋላ አስበን አለማወቃችንን ነው። ዕዳችን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

ሌላውም ዕዳ አለ፤ የባልቴቲቱ። ስለ እርሷ በመድረክ ላይ ማንም አላነሣም ነበር። ልጁ «ነጻ ወጣሁ» ሲል እልል ያልነው በእርሷ በግ ላይ ነው። ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን ደብዳቤ እንደ ገና ሳነብ ይህን አየሁ። ኦኔሲሞስን እንደ ወንድም ተቀበለው ይለዋል፤ ነገር ግን በድሎህ እንደ ሆነ እርሳው አላለም። ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። ዕዳው አልተካደም፤ አብሮት የሚሸከም ሰው ተገኘለት እንጂ። የኅብረተሰብ እንክብካቤ የምንለው ነገር ፍትሕን እንዳይጎዳ ከተፈለገ እንዲህ ያለ ፊርማ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። (በአዲስ አበባ ያለው ጌርጌሴኖን የተባለው የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ስሙ የሚያስታውሰን ያንኑ አገር ነው።) የአገሩ ሰዎች የሞከሩት ሰንሰለት ነበር፤ አልያዘውም። ሰውየው ከተፈወሰ በኋላ ኢየሱስን ሊከተል ለመነ፤ ኢየሱስ ግን አልፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱ፣ ወደ ወገኖቹ ላከው። ለብዙ ዘመን ይህን የወንጌል ተልእኮ ብቻ አድርጌ አስተምር ነበር። አሁን ግን የቤቱ ሰዎች ያስጨንቁኛል። ትናንት በሰንሰለት ያሰሩት፣ ጩኸቱን ሌሊት የሰሙ፣ ዛሬ በራቸውን ሲያንኳኳ ምን አደረጉ? ወንጌሉ በዐሥሩ ከተማ እንደ ሰበከና ሰዎች እንደ ተደነቁ ይነግረናል። ማን እራት እንደ ሰጠው አይነግረንም።

የቅሬው ዳኛ ጥያቄያቸውን ጠይቀው አልሄዱም። ወሎ ደም የተቃቡትን እንኳ በአበጋር የሚያስታርቅ አገር ነው፤ ለሁለት በግ የሚሆን ሽምግልና አይጠፋም። እርሳቸው፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና እኔ ባልቴቲቱ ቤት ሄድን። ይቅርታ ስንጠይቃት «የይቅርታውን በኋላ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ በጎቼ» አለች። ትክክል ነበረች። የዳኛው የወንድም ልጅ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ልጁ ከምሳ በኋላ እዚያ እንዲሠራ ተስማማን። ከደመወዙ ግማሹ በዳኛው እጅ ለበጎቹ ይቀመጣል። ሲወጣ ከኅብረቱ አንድ ወጣት ተራ ገብቶ በሌላ መንገድ፣ በጫት ተራው ሳያልፉ፣ ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። መጀመሪያ ተራ ያስያዘችው ያች እጇን ያወጣችው እህት ናት፤ የእንጨት ሥራ ቤቱንም ሒሳብ እየያዘች ጥቂት ትከፈላለች። ብዙ ነው አልልም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቋል። አንደኛውን ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ ሁለተኛውን ከሰው ሰማሁ። መድረክ ላይ አላወጣነውም፤ ከሥራም አላስወጣነውም። ያን ሳምንት ገንዘብ በእጁ አልተሰጠውም፤ ለእናቱ ተሰጠ። እርሱም ተናዶ ሁለት ቀን ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን በሰባት ሰዓት መጣ።

የመጀመሪያዋን በግ ባለፈው የገበያ ቀን ገዝቶ ራሱ እየጎተተ ወሰደላት። ባልቴቲቱ አፏን ከፍታ ጥርሷን አየችና «የእኔዋ ትበልጥ ነበር» አለችው። ግን ተቀበለችው። ሁለተኛዋ ገና ናት።