«ትንሽ ዕዳ ተይበት» ያሉሽን አትስሚ

ልጄ፣ ባለፈው ስትደውዪ «ክሬዲቴ እንዲያድግ ካርድ ሳወጣ ትንሽ ዕዳ ልተውበት ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ይህን የነገሩሽ የሥራ ጓደኞችሽ መሆናቸው አልጠፋኝም። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚወራ ነው። ሰዎቹ ክፋት የለባቸውም፣ እነሱም የሰሙትን ነው የሚያቀብሉት። ነገር ግን ውሸት ነው። ዕዳ ማሳደር በየወሩ ወለድ ያስከፍልሻል እንጂ ስኮርሽ ላይ አንድ ነጥብ አይጨምርም። ለባንክ አንድ ሳንቲም ወለድ ሳትከፍዪ ጥሩ ክሬዲት መሥራት ትችያለሽ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን ያዢልኝ።

አገር ቤት ባንክ የነበረሽ ስም አብሮሽ አልመጣም። እዚህ ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች አሉ፤ አበዳሪዎች ማን ምን ያህል እንደተበደረና እንዴት እንደሚከፍል በየወሩ ያሳውቋቸዋል። ስኮሩ የሚሰላው ከዚያ መዝገብ ነው። ብዙ አበዳሪ የሚያየው ፋይኮ የሚባለውን ሲሆን ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈልሽ ነው፣ 30 በመቶው ያለብሽ ዕዳ መጠን ነው። የቀረውን ሂሳብሽ የቆየበት ዘመን፣ አዲስ ብድር መጠየቅሽና የብድርሽ ዓይነት ይካፈሉታል። ደሞዝሽ አይቆጠርም። ባንክ ያስቀመጥሽውም አይቆጠርም። ሁለት ሥራ እየሠራ ሁሉን ነገር በዴቢት ካርድ የሚከፍል ሰው፣ ለእነዚህ ድርጅቶች እንዳልተወለደ ነው።

እቁብም አይቆጠርም። ይኼ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰው የሚፈተነው እቁብ ላይ ነው። ዕጣው በመጀመሪያው ወር ወጥቶለት እስከ መጨረሻው ሳያጓድል የሚጥል ሰው እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ዳኛውም ጸሐፊውም ያውቃሉ። እነሱ የሚያውቁትን ግን መኪና የሚያበድረው ባንክ አያውቅም። እቁብሽን አትተዪ፣ ገንዘብ ለማጠራቀም ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ካርዱን ደግሞ ለመዝገቡ ብለሽ ያዢ።

አሁን መደበኛ ካርድ ብትጠይቂ «ታሪክ የለሽም» ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ። መግቢያው ሴኪዩርድ ካርድ ነው። 200 ወይም 300 ዶላር መያዣ ታስቀምጫለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ልክ ሊሚት፣ ማለትም የመበደሪያ ጣሪያ፣ ይሰጡሻል። መያዣው ሂሳብሽን አይከፍልልሽም፤ በየወሩ የተጠቀምሽበትን ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ከመፈረምሽ በፊት ዓመታዊ ክፍያ እንዳለው፣ ለሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርት ማድረጉን ጠይቂ። ለአንዱ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ሌላ ባንክ ሂጂ፣ ክሬዲት ዩኒየንም ይሁን። ፋይኮ ስኮር እንዲወጣልሽ ቢያንስ 6 ወር የሞላው ሂሳብ ያስፈልጋል፤ እስከዚያ በየቀኑ ስልክሽን እየከፈትሽ አትጨነቂ።

አሁን ለብዙ ሰው የሚያደናግረውን ልንገርሽ። ካርዱ ሁለት ቀን አለው፤ አንደኛው ሂሳቡ ተዘግቶ ስቴትመንት የሚወጣበት፣ ሁለተኛው የመክፈያው የመጨረሻ ቀን፣ ዲው ዴቱ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 21 ቀን አለ። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት የሚያደርገው ስቴትመንቱ ሲወጣ ያለውን ዕዳ ነው። ሊሚትሽ 300 ዶላር ነው እንበል። ወሩን ሙሉ አስቤዛውንም ቤንዚኑንም በካርዱ ስትከፍዪ 270 ዶላር ደረሰ፣ ሂሳቡም በ18 ተዘጋ። ዲው ዴቱ ሳይደርስ 270ውን እንዳለ ከፈልሽ። ወለድ የለም፣ ቅጣት የለም። መዝገቡ ላይ የምትታዪው ግን ሊሚቷን 90 በመቶ የጨረሰች ሴት ሆነሽ ነው፤ ስኮርሽ ወርዶ «በሰዓቱ ከፍዬ ምን አጠፋሁ?» ትያለሽ። በ15 ወይም በ16 ገብተሽ 250ውን ቀድመሽ ብትከፍዪ፣ ስቴትመንቱ 20 ዶላር ብቻ ይዞ ይወጣል፤ እሷን በዲው ዴቱ ትጨርሻለሽ። ያው ገንዘብ ነው፣ የተለወጠው የከፈልሽበት ቀን ነው። ከሊሚቱ 30 በመቶ አይለፍ ይባላል፣ ከ10 በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። አንድ ወር ከዚያ በላይ ቢሆንብሽም አትደንግጪ፤ በሚቀጥለው ስትቀንሺ ስኮሩም አብሮ ይስተካከላል።

የዘገየ ክፍያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ዲው ዴቱ ካለፈ 30 ቀን ሲሞላው ሪፖርት ሊደረግ ይችላል፣ ከተደረገም እስከ 7 ዓመት መዝገብሽ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በራሱ እንዲከፈል ኦቶ ፔይ አድርጊው፤ ሲጠይቅሽ ግን ሚኒመሙን ሳይሆን የስቴትመንቱን ሙሉ ሂሳብ ምረጪ። ሚኒመም ማለት ባንኩ እንዳይቀጣሽ የምትከፍዪው ነው፣ ዕዳው እንዲያልቅ አይደለም። 1,000 ዶላር ቢኖርብሽና ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ቢሆን፣ የአንድ ወር ወለዱ ብቻ 20 ዶላር ገደማ ነው። 30 ዶላር ከፍለሽ ዕዳው የሚቀንሰው በ10 ዶላር ነው። በሚኒመም ብቻ ብትሄጂ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ስቴትመንቱ ላይ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል፤ አንድ ቀን ፈልገሽ አንብቢው።

ለእናትሽ ለፋሲካ ስትልኪላት በክሬዲት ካርድ አትላኪ። ብዙ ባንኮች ገንዘብ መላክን ከማሽን ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ይቆጥሩታል፤ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ዕለት ይጀምራል። ከዴቢቱ ላኪ።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅሽ ከኮሳይን፣ ለሌላ ሰው ብድር አብሮ ከመፈረም ነው። ስኮርሽ ጥሩ መሆኑ ሲሰማ «መኪናውን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ አንቺ ፊርማሽን ብቻ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ከፈረምሽበት ጊዜ ጀምሮ ብድሩ የአንቺም ብድር ነው። እሱ ሲያዘገይ መዘግየቱ በአንቺም ስም ይመዘገባል፣ ምናልባት ሳትሰሚ። ነገ ቤት ልግዛ ስትዪ ያ መኪና ከዕዳሽ ጋር ሊደመር ይችላል። ስትመጪ ማረፊያ የሰጠሽን ሰው እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከቻልሽ ለቅድሚያ ክፍያው 500 ዶላር ስጪው፣ ተመላሽም አትጠብቂ። እሱ አንዴ ወጥቶ ያልቃል፤ ፊርማው ግን የመኪናው ብድር እስኪያልቅ ዓመታት አብሮሽ ይኖራል። ከተቀየመሽ «አጎቴ ከለከለኝ» በዪው፣ እኔ ቅያሜውን እችለዋለሁ።

እኔ በበኩሌ በቆየው ካርዴ ላይ ስምሽን ላስገባልሽ አስቤያለሁ። የቆየና በሰዓቱ የተከፈለ ሂሳብ በአንቺም መዝገብ ሲታይ ይረዳሻል። ካርዱ ግን እኔ ኪስ ነው የሚቀመጠው፤ ሳቂ፣ ቁም ነገሬን ነው።

ገንዘብ ከፍለሽ «ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሉ ጋር አትሂጂ። ሥራውን ሳይሠሩ አስቀድመው ማስከፈል በፈረንጆቹ 1996 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው፣ የተሳሳተ ነገር ካለ ደግሞ ራስሽ በነጻ ታስተካክያለሽ። ሦስቱንም ሪፖርት «አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም» ላይ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል፤ የራስን ሪፖርት ማየት ስኮር አይቀንስም። በተለይ ስምሽን እዪ። ፓስፖርትሽ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደልና ባንኩ የጻፈው ሊለያይ ይችላል፤ ልደትሽም ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። አንቺና ወንድምሽ ደግሞ የአባት ስማችሁም አድራሻችሁም አንድ ስለሆነ የእሱ ሂሳብ አንቺ ጋ እንዳይገባ። ስህተት ካገኘሽ ለድርጅቱ በጽሑፍ ታመለክቻለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት።

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ብቅ በዪ፣ ሴኪዩርድ ካርዱን አብረን እናወጣዋለን። የሶሻል ካርድሽን ይዘሽ ነይ፤ ፎቶ አንስተሽ በቫይበር እንዳትልኪልኝ።