ስለ ጎልማሳ ደቀ መዝሙር

ዕድሜው የገፋ ሰው ከመምህር ፊት ሲቀመጥ የሚከብደው የልቡናው መደንዘዝ ነውን ወይስ የክብሩ መነካት? ብዙዎች የፊተኛውን ያምናሉ፤ ነገር ግን አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ ጎልማሶች ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመማር ችሎታ ከወጣትነት በኋላ በጥቂት በጥቂቱ የሚቀንስ እንጂ እንደሚፈራው በአንድ ጊዜ የሚነጥፍ አለመሆኑን መርምሮ ስላሳየ፣ ነገሩ ከአእምሮ ይልቅ ወደ ኅሊና፣ ከመርማሪዎችም ይልቅ ወደ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይመራናል።

የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በስሙ የሚጠራው ኒቆዲሞስ ጌታችንን ለመጠየቅ የሄደው በሌሊት ነው። መምህረ እስራኤል ተብሎ የሚከበር ሰው በቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ ተማሪ ሆኖ መታየት ምን ያህል እንደሚያሳፍረው መተርጕማኑ አልሰወሩም፤ ፍርሀተ አይሁድንና ውዳሴ ከንቱን ምክንያት ሲያደርጉ፣ የሌሊት ኅሊና የተሰበሰበ መሆኑንም ይጨምራሉ። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የመምህሩ አሠራር ነው፤ ለምን በጨለማ መጣህ ብሎ አላሳፈረውም፤ በየዕለቱ ድምፁን ከሚሰማው ከነፋስ ተነሥቶ፣ ከኦሪት ጠንቅቆ ወደሚያውቀው፣ ሙሴ በምድረ በዳ ወደ ሰቀለው የናስ እባብ አሸጋገረው እንጂ፣ ባዶ ማድጋ እንደሚሞላ ሰው አልቀዳበትም። ሆኖም ማክበር መሸንገል አይደለምና፣ መምህርነቱን እየጠቀሰ ባለማወቁ ገሥጾታል። ሰው በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረ፣ ነባቢት ነፍስ ያለችው ከሆነ፣ ፊደል ስላልቆጠረ ብቻ ምንም እንደማያውቅ መቍጠር ከዘዴ ስሕተት አልፎ የሃይማኖት ስሕተት ይመስለኛል።

የካቶሊክ ልጅ የነበረው ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 እ.ኤ.አ. አንጂኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ጎልማሶችን በ40 ሰዓት ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ሲነሣ፣ ከፊደል አስቀድሞ እንደ ጡብ ያለውን፣ እጃቸው የሚያውቀውን ነገር በሥዕል አቅርቦ፣ ማን እንደሚሠራውና ለማን ቤት እንደሚውል ካነጋገራቸው በኋላ ነበር ቃሉን ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በአናባቢ እያፈራረቀ (የእኛ ልጆች ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ የሚወርዱበትን ሥርዐት የሚመስል ነው) አዲስ ቃል ራሳቸው እንዲፈጥሩ የተወላቸው። በዓመቱ መንግሥት በወታደሮች ሲገለበጥ እርሱ ታስሮ ተሰደደ፤ የዘዴውን ኃይል ከብዙ ምሁራን ቀድመው ያስተዋሉት እነዚያ ገዦች ሳይሆኑ አይቀሩም።

በማታ ትምህርት ቤት የምታስተምር ወንድሜ ሆይ፣ የልጆች አባት የሆነውን ሰው ቆሞ ፊደል እንዲጮህ ከማዘዝህ በፊት ስለ እርሻው፣ ስለ ሽመናው ወይም ስለ ንግዱ ጠይቀው፤ ስትጠይቀውም አንተ ራስህ ልትማርበት ይሁን፤ ለማባበያ ያህል የቀረበለትን ጥያቄ ጎልማሳ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።