«እኔ» ብሎ መጻፍ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ዓመቱን ሙሉ ይነገራል፤ የሚደምቀው ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ሰሞን ነው። ልጁ ውጤቱን በስልኩ አይቶ ገና ላቡን ሳይጠርግ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቡሖውን ይረከበዋል። አጎት «ሕክምና» ይላል፤ አክስት «አሁን እኮ ገንዘብ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው» ትላለች፤ ጎረቤት የራሱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያሞግሳል። ልጁ ዝም ብሎ ይሰማል። እስቲ እኔም ዛሬ ይቺን ጉዳይ ላንሳ። የአሥራ ስምንት ዓመት ሰው የወደፊት ትምህርቱን እንዲመርጥና እንዲያመለክት ስንረዳው፣ እርዳታችን የቱ ላይ ያበቃል? ከየት በኋላ ነው እሱን ተክተን መኖር የምንጀምረው?

ነገሩ የቅንጦት ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። ብሔራዊ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ መስጠት በተጀመረበት ዙር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺሕ በላይ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ ብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። በእንዲህ ያለ የመርፌ ቀዳዳ ሾልኮ የወጣ ልጅ፣ ከቀዳዳው ማዶ የሚጠብቀው ምርጫ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም።

ታዲያ ልጆቹ በምን ይመርጣሉ? በወሬ። «እዚያ ውኃ የለም»፣ «እዚህ ካፌው ጥሩ ነው»፣ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» በዚህ የሚስቁ ምሁራን አይቻለሁ፤ እኔ ግን አልስቅም። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሳ ግጭት ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሲመለሱ አይተናል። ልጇን ስለ መንገዱ የምትጠይቅ እናት ከትምህርት ጥራት ሰነዶች ሁሉ የቀደመ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

ይልቅ የሚያሳስበኝ አንዲት ቃል ናት። «ምን መረጥክ?» ስትሉት ልጁ «ጎንደር ደረሰኝ»፣ «ሒሳብ ደረሰኝ» ይላችኋል። ደረሰኝ! ዕቁብና ሎተሪ የሚደርሰው ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ በነበረበት ዘመን ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ወደዚህ ክፍል ምን አመጣችሁ?» እላለሁ። አብዛኞቹ ባንድ ድምፅ «ምደባ!» ይሉኛል። ከእነዚያ መካከል ግሩም አንባቢ የወጣቸው አሉ፤ አልክድም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠራውን ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ፣ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጨረሱም ነበሩ።

አንድ የማውቀው አባት አለ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጁ ሥዕል መማር ፈለገች። «መምህር» አለኝ፣ «እኔ ናፍታ እያሸተትኩ ያስተማርኳት ለዚህ ነው? ከሷ በታች ሦስት አሉ እኮ!» መጻሕፍት ያነበብን ሰዎች እንዲህ ያለ አባት ሲገጥመን «ምርጫው የልጅቷ ነው፣ ተዋት» ማለት ይቀናናል። እኔ ያን ማለት ከበደኝ። ልጅ ብቻውን ቢበላ ኖሮ ብቻውን ይመርጥ ነበር። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የመጀመሪያ ደመወዝ የማን ደብተር፣ የማን ጫማ እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ አባትየው በምርጫው ውስጥ ድርሻ አለው፤ «ሦስት አሉ» ማለት ምክንያት ነው፣ ያውም ከባድ ምክንያት። «ዘመድ ምን ይለኛል?» ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ነው።

ቅር ያለኝ ግን ምክንያቱን ለእኔ ነገረኝ እንጂ ለልጅቷ አለመንገሩ ነው። ለእሷ የነገራት «አይሆንም» የሚለውን ብቻ ነው። ምክንያት የተነገረው ሰው መልስ መስጠት ይችላል፤ «አባባ፣ ቀን ሌላ ተምሬ ማታ ብሥልስ?» ሊል ይችላል። ትእዛዝ የተሰጠው ሰው ያለው ዕድል ሁለት ነው፦ መታዘዝ ወይም መኮብለል። «እኔን ተወኝና ለሷ ንገራት» አልኩት። ነገራት አልነገራት አላውቅም።

ወደ ሌላው ማመልከቻ ልለፍ፤ ባሕር ማዶ ወደሚላከው። መቼም በአዲስ አበባ ይህ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክት ልጅ ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ በኩል ከሆነ፣ ከ650 ቃል ያልበለጠ ስለ ራሱ የሚናገር ጽሑፍ ያቀርባል። ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩና ዘመድም የዘመድ ዘመድም ወደኔ ይልካል። «እይልን» ይላሉ። በአማርኛ «እይልን» ማለት «ጻፍልን» ማለት መሆኑን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም።

የልጆቹ ረቂቅ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው። «ኢትዮጵያ በምሥራቅ አፍሪካ የምትገኝ አገር ናት» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ሦስት ሺሕ ዘመን፣ ቀጥሎ አክሱም፣ ቀጥሎ ቡና። ጸሐፊው የለም! እኔ ይህን ስንፍና አልለውም። ከልጅነቱ «እኔ እኔ አትበል» እየተባለ ላደገ፣ የቤቱን ነገር «ሆድ ይፍጀው» ማለት ለተማረ፣ ሰምና ወርቅ በሚባል መሸፈኛ የሚኮራ ሕዝብ ልጅ ለሆነ ሰው፣ «ስለ ራስህ ንገረን» የሚለው ጥያቄ «ልብስህን አውልቅ» የማለት ያህል ነው። አክሱም መሸሸጊያው ነው።

አንዲት ጎበዝ ልጅ እንዲህ ያለ ረቂቅ ይዛ መጣች። እናቷ ጉሊት ናት፤ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ሜሪላንድ ያለ አጎቷ በስልክ መክሯታል፦ «ችግርሽን ጻፊ፤ ፈረንጅ ልቡ የሚነካው ችግር ሲሰማ ነው።» ልጅቷ ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ጋሼ፣ እናቴ ድሃ ናት ብዬ ልጻፍ? እሷ ራሷ እኮ ድሃ ነኝ ብላ አታውቅም» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከብዙ የሥነ ምግባር መጻሕፍት አስበልጬ እይዘዋለሁ። ድህነቱ እውነት ነው፤ መጻፉ ውሸት አይሆንም። የኮሌጁ ሰዎችም የሚጠይቁት ለክፋት አይደለም፤ ልጁ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋሉ። ግን የእናቷን ኑሮ ለመሸጥ የእናቷ ፈቃድ ማን ጠየቀ? እንባ የሚያስገኘውን ያህል ቦታ ለማግኘት ልጆች በቤታቸው ጉድ የሚወዳደሩበት ገበያ ውስጥ እኔ ደላላ ልሁን? ዝም የማለት መብትስ የለም ወይ?

«የምታውቂውን ሥራ ንገሪኝ» አልኳት። ሳታስበው ስለ ዱቤ ደብተር ማውራት ጀመረች። እናቷ ስለማትጽፍ ማታ ማታ ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት። ማን ስንት ኪሎ በዱቤ ወሰደ፣ ማን ከፈለ። አንዳንዴ እናትየው «እሷን አትጻፊያት» ትላታለች። «ለምን?» ስትል፣ «አትጻፊያት አልኩሽ!» ደብተሩ ውስጥ ያልተጻፉት እነማን እንደሆኑ የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። ሒሳብ መማር የምትፈልግ ልጅ ናት እንግዲህ፤ የማይገጥም ሒሳብ ያሳደጋት። ያን ጻፈች። ከመላኳ በፊት ወደ አማርኛ እየመለሰች ለእናቷ አነበበችላት፤ እናትየው አንዲት ጎረቤት ትታወቃለች ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር አስወጣች። የእኔ ድርሻ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው ማቃናት ነበር። ሁለት ኮሌጆች አልተቀበሏትም። ሦስተኛው ተቀበላት፤ የሰጣት የገንዘብ ድጋፍ ግን አልበቃም። አሁን ክፍለ ሀገር ካሉት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንዱ ሒሳብ ትማራለች።

«አንተ ጽፈህላት ቢሆን ትገባ ነበር» ያለኝ ወዳጅ አለ። ምናልባት። ይህን ክርክር በቀላሉ አልገፋውም፤ ምክንያቱም ሜዳው ትክክል አይደለም። ባለ ገንዘብ የሆኑት እዚያው አሜሪካ ለልጆቻቸው በሕጋዊ መንገድ አማካሪ ይቀጥራሉ። ሕጋዊው ላልበቃቸው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የቦስተን ዓቃብያነ ሕግ ይፋ ባደረጉት ጉዳይ እንዳየነው፣ ሪክ ሲንገር የተባለ ሰው አሠልጣኞችን በጉቦ እየገዛ፣ ፈተና እያስቀየረ የሀብታም ልጆችን በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያስገባ ነበር። ተዋናዮችና የኩባንያ ባለቤቶች ተከሰሱ፤ እሱም በ2023 ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ፣ ጠያቂ ዘመድ የሌላትን የጉሊት ልጅ «ንጽሕናዬ ይጎድፋል» ብዬ ሰዋስዋን እንኳ አላርምም ብል፣ በእሷ ኪሣራ የምታመን ጨዋ መሆኔ ነው።

ስለዚህ ድንበሩን እንዲህ አየዋለሁ። ቋንቋ ይዋሳል፤ ዓይን አይዋስም። ያየችውን ነገር እኔ ላይላት አልችልም፤ ያየችውን ስትናገር ግን ምላሷ እንዳይተሳሰር ላግዛት እችላለሁ። የቅኔ ቤት ይህን ከጥንት ያውቀው ነበር። ተማሪው ብቻውን ጫካ ለጫካ ሲቆጥር ይውልና ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ቤት የፈረሰበትን ያሳየዋል። የምድር ዕውቀት ሁሉ ቢኖረው ጫካ ገብቶ አይቆጥርለትም።

የድጋፍ ደብዳቤው ነገር ደግሞ ይብሳል። እዚያ ማዶ አመልካቹ መምህሩ የጻፈለትን ደብዳቤ የማየት መብቱን እንዲተው ይጠየቃል፤ መምህሩ ሳይፈራ እውነቱን እንዲጽፍ ነው። እኛ ጋ መምህሩ «ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይላል። ልጁ ስለ ራሱ «በሃያ ዓመት የማስተማር ሕይወቴ እንዲህ ያለ ተማሪ አላየሁም» ብሎ በመምህሩ ስም ይጽፋል። «እኔ» እንዳይል ተከልክሎ ያደገው ልጅ፣ የሰው «እኔ» ተውሶ ራሱን ያወድሳል! መምህሩን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪ ያለው ሰው ነው። ግን አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ያያትን አንዲት ነገር ቢጽፍ ለልጁም ይበጀው ነበር።

ድንበር የሌለው እርዳታም አለ፤ እዚህ ላይ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ አስገቡ። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲለው ልጁ ግራ ይጋባል፤ የእኛ ሰው የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ማን ነህ ይባላል። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀይር ይሞላና በወረቀት ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። የማመልከቻውን ክፍያ አቅም የሌለው እንዲተውለት መጠየቅ እንደሚችል የነገረው የለም። ቀነ ገደቡ ያለፈበት ከሰነፈው ይበልጣል። ይህን ማወቅ ጥበብ አይደለም፤ አለማወቅም ድንቁርና አይደለም። ነጋሪ የማጣት ጉዳይ ነው።

ስለ መኪናው ጸሐፊ፣ ቻትጂፒቲ ስለሚባለው፣ ብዙ አልልም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሚመጡልኝ ረቂቆች አክሱም ጠፍቷል፤ በምትኩ ሁሉም «የጽናትን ትርጉም» ተምረዋል። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ልጠቅስ እልና እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህኛው የማንም ሰው ወርቅ አይደለም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ከእነዚያ «ምደባ!» ካሉት አንዱ፣ ዛሬ በአንድ ወረዳ ከተማ አማርኛ ያስተምራል። ምርጫ የሚሞላው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን ያለፉት ጥቂት ልጆች የእሱን ኮምፒውተር ከበው ይቆማሉ። ቁልፉን እሱ አይነካም። አንድ በአንድ ያስቀምጣቸውና «ለምን?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። «ሰዎች አሉኝ» ላለው «ሰዎቹስ ለምን አሉህ?» ይላል። ሰልፉ አንዳንዴ እስከ ማታ ይዘልቃል፤ መብራት ይጠፋል፤ በማግስቱ ይቀጥላል። ባለፈው ሲያወራኝ፣ አንዲት ልጅ ጥሩ ውጤት ይዛ ዝነኛውን ዩኒቨርሲቲ ትታ ራቅ ያለ አንዱን አንደኛ አደረገች። ለምን ቢላት፣ «እህቴ እዚያ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ ብታመም ሰው አለኝ» አለችው።

«ምን አልካት?» አልኩት።

«‹ምክንያት ነው፤ ሙዪ› አልኳት» አለኝ።